ሸክላ ሠሪው ጆሳያ ዌጅውድ

ሸክላ መሥራት የሰው ልጅ ከጥንት ጀምሮ ይዞት የመጣ ሙያ ነው። አፈሩ ይቈፈራል፤ ይነፋል፤ በውሃ ይለወሳል፤ ቅርጽ ይሰጠዋል፤ ከደረቀም በኋላ በእሳት ይተኰሳል። ሥራው በቃል ሲነገር ቀላል ይመስላል። ይሁን እንጂ ወደ እሳት የገባው ዕቃ ሁሉ ደኅና ሆኖ አይወጣም። አንዱ ይሰነጠቃል፤ ሁለተኛው ይጣመማል፤ ሦስተኛው ደግሞ ቀለሙ ይበላሻል። ብዙ ሸክላ ሠሪ ይህን የዕድል ነገር ነው ብሎ ስባሪውን ጥሎ ይሄዳል። በ18ኛው መቶ ዓመት በእንግሊዝ አገር የኖረው ጆሳያ ዌጅውድ ግን ዕቃው የተበላሸበትን ምክንያት ሳያውቅ የማያርፍ፤ ያወቀውንም ሳይጽፍ የማያድር ሰው ነበር። አባቱ ሲሞት የተናዘዘለት ውርስ 20 ፓውንድ ብቻ ነበር። እሱ ራሱ ሲሞት ግን ከአገሩ ታላላቅ ባለ ሀብቶች እንደ አንዱ ይቈጠር ነበር። ከዚያ ተነሥቶ እዚህ የደረሰበት መንገድ በሥራ ልማዱ ውስጥ በግልጽ ይታያል። በዚህ ምንባብ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ የተጻፉት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ጆሳያ በ1730 በስታፎርድሺር ግዛት በርስለም በምትባል ትንሽ ስፍራ ተወለደ። ለእናት ለአባቱ የመጨረሻ ልጅ ነበር። በርስለም የሸክላ አፈርና የድንጋይ ከሰል በብዛት የሚገኝባት አገር በመሆኗ፣ ከነዋሪዎቿ ብዙዎቹ የሚተዳደሩት በሸክላ ሥራ ነበር። የዌጅውድ ቤተ ሰብም ሙያውን ከአያት ከቅድመ አያት የወረሰ ነው። ነገር ግን የአካባቢው መንገድ ለሠረገላ የማይመች ስለ ነበረ፣ ጥሬ ዕቃው የሚመጣውም ሆነ የተሠራው ሸክላ ወደ ገበያ የሚሄደው ባመዛኙ በአጋሰስ ጀርባ ነበር። በየመንገዱም ብዙ ዕቃ ይሰበር ነበር። ከዚህም የተነሣ አብዛኛው ሸክላ ሠሪ ተራ ዕቃ እየሠራ፣ በአቅራቢያው ለሚገኝ ገበያ እየሸጠ፣ ከእጅ ወደ አፍ የሆነ ኑሮ ይገፋ ነበር።

በ1739 አባቱ ሲሞት ጆሳያ የ9 ዓመት ልጅ ነበር። ትምህርቱንም ያን ጊዜ አቋረጠ። የሸክላው ቤት ለታላቅ ወንድሙ ለቶማስ በውርስ ስለ ተላለፈ፣ ልጁ ከወንድሙ ዘንድ ሆኖ ሥራ መልመድ ጀመረ። 11 ዓመት ገደማ ሲሆነው በርስለም ውስጥ የፈንጣጣ በሽታ ገባ። ጆሳያ ከሞት ቢተርፍም በሽታው ቀኝ ጕልበቱን ጐድቶት አለፈ። በ1744 በውል የወንድሙ ተለማማጅ ሲሆን፣ የዚህ ጕዳት ክብደት በግልጽ ታየ። ሸክላ የሚሠራበት መንኰራኩር የሚሽከረከረው በእግር እየተገፋ ነውና፣ የታመመ ጕልበት ላለው ሰው እጅግ አስቸጋሪ ነበር። ለሸክላ ሠሪ ልጅ ከመንኰራኩሩ መራቅ ለገበሬ ልጅ ሞፈር መጨበጥ እንዳለመቻል ያህል ነው።

ጆሳያ ግን ሙያውን አልተወም። መንኰራኩሩን እንደ ልቡ መግፋት ሲያቅተው፣ ሌሎቹን የሥራ ክፍሎች ይመረምር ጀመር። አፈሩ ከየትኛው አፈር ጋር ሲደባለቅ ይጠነክራል? በላዩ የሚቀባው የሚያንጸባርቅ ቅብ በምን ምክንያት ይሰነጠቃል? የእሳቱ ኀይል ሲበዛና ሲያንስ ቀለሙ ለምን ይለዋወጣል? እነዚህን ጥያቄዎች እያነሣ የተለያየ ቅመም ይሞክር ነበር። ወንድሙ ቶማስ ግን የሚታወቀውንና የተለመደውን ሥራ የሚወድ ሰው ነበርና፣ የልምምዱ ዘመን ከተፈጸመ በኋላ ጆሳያን ሸሪኩ ሊያደርገው አልፈቀደም። ስለዚህ ወጣቱ ሌላ ቦታ መፈለግ ግድ ሆነበት። በ1754 በአካባቢው እጅግ ከተከበሩት ሸክላ ሠሪዎች አንዱ ከነበረው ከቶማስ ዊልደን ጋር ተሻረከ። ዊልደን ሰፊ ልምድ ያለው፤ አዲስ ነገር መሞከርንም የማይከለክል ሰው ነበር።

በዚያን ጊዜ የስታፎርድሺር ሸክላ ሥራ በችግር ላይ ነበር። ሁሉም አንድ ዓይነት ዕቃ ስለሚሠራ፣ እያንዳንዱ ገዢ ለመሳብ ሲል ዋጋውን ከጎረቤቱ ዝቅ ያደርግ ነበር። ዋጋው ሲወርድ ትርፉ ይቀንሳል፤ ትርፉ ሲቀንስ ደግሞ ሠሪው ለጥራት የሚያወጣው ገንዘብና ጊዜ ያጣል። በዚህም ምክንያት ዕቃው ከዓመት ወደ ዓመት እየባሰበት ሄደ። ገዢውም የለመደውን መልክ ሰልችቶ ነበር። ጆሳያ የዚህን ነገር ምንጭ በሚገባ ተረዳ። ዋጋ በማውረድ የሚደረገው ፉክክር መጨረሻው ሁሉንም አብሮ ማክሰር እንደ ሆነ፤ መውጫውም ሌሎች የሌላቸውን የተሻለ ዕቃ ማቅረብ ብቻ እንደ ሆነ ወሰነ።

ከዚህ በኋላ በ1759 የሙከራ መዝገብ ከፈተ። እያንዳንዱ ሙከራ ቍጥር ይሰጠዋል። የገባው አፈርና ቅመም በመጠን ይጻፋል። የሙከራው ቍራጭ ከምድጃው ውስጥ ከላይ ወይም ከታች የተቀመጠበት ስፍራ ሳይቀር ይመዘገባል። በመጨረሻም ውጤቱ መልካምም ሆነ መጥፎ ይሰፍራል። ምስጢሩ በሌላ ሰው እጅ እንዳይገባ የቅመሞቹን ስም በምልክት ይጽፍ ነበር። ከሌሎቹ ሸክላ ሠሪዎች የተለየበት ዋናው ነገር ይህ ልማድ ነው። ሌሎቹም ይሞክራሉ፤ ሌሎቹም ይሳሳታሉ። ነገር ግን ያልተጻፈ ስሕተት ይረሳና ተመልሶ ይፈጸማል። የተጻፈ ስሕተት ግን አንድ ጊዜ ብቻ ዋጋ ያስከፍላል። በሕይወት ዘመኑ ያደረጋቸው ሙከራዎች በብዙ ሺሕ ይቈጠራሉ። ከሙከራዎቹ የመጀመሪያ ፍሬዎች አንዱ ጥልቅ አረንጓዴ ቅብ ነበር። በዚህም ቅብ የአበባ ጎመንና የአናናስ መልክ ያላቸው ዕቃዎች እየተሠሩ ብዙ ገዢ አገኙ።

በዚያው በ1759 ከዘመዶቹ በርስለም ውስጥ አንድ ትንሽ የሸክላ ቤት ተከራይቶ ለብቻው ሥራ ጀመረ። ሌላውን ቶማስ የተባለ ዘመዱን በዓመት 22 ፓውንድ ደመወዝ ቀጠረ። ይህ ሰው ሥራውን አክባሪና ታማኝ ስለ ነበረ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጆሳያ በቀን ተቀን መገልገያ ዕቃዎች ሥራ ሸሪኩ አደረገው። ጆሳያ በዚያን ጊዜ ቅርጽ አውጪም፣ ቅመም ደባላቂም፣ ሒሳብ ያዥም፣ ሻጭም ራሱ ነበር። የተበላሸ ዕቃ ሲያገኝ በዝቅተኛ ዋጋ ሸጦ ወጪውን ከመሸፈን ይልቅ መስበርን ይመርጥ እንደ ነበር ይነገራል። ስሙን የያዘ ዕቃ ከቤቱ የሚወጣው ነውር የሌለበት ሲሆን ብቻ እንዲሆን ይፈልግ ነበርና።

በ1762 ለሥራ ወደ ሊቨርፑል ከተማ ሲጓዝ ደካማው ጕልበቱ እንደ ገና ተጐዳና ለብዙ ጊዜ በዚያ ተኛ። የሚያክመው ሐኪም ቶማስ ቤንትሊ ከተባለ ነጋዴ ጋር አስተዋወቀው። ቤንትሊ የተማረ፣ ልዩ ልዩ ቋንቋ የሚያውቅ፣ የከተማ ሰዎች የሚወዱትንና የሚጠሉትን ጠንቅቆ የሚረዳ ሰው ነበር። ጆሳያ ስለ አፈርና ስለ እሳት የሚያውቀውን ያህል፣ ቤንትሊ ስለ ገበያ ያውቅ ነበር። ጆሳያ ይህን በተረዳ ጊዜ የጐደለውን በኩራት አልሸፈነም። ቤንትሊን ወዳጁ፣ በኋላም በጌጥ ዕቃዎች ሥራ ሸሪኩ አደረገው። በሁለቱ መካከል የነበረው የደብዳቤ ልውውጥ ቤንትሊ በ1780 እስኪሞት ድረስ አልተቋረጠም። በ1764 ያገባት ሣራ ዌጅውድም በሥራው ብዙ ትረዳው ነበር። የሙከራ መዝገቡን ምስጢራዊ ምልክቶች ለመረዳት የቻለች፤ አዳዲሶቹን ዕቃዎች እንደ ቤት እመቤት እየተመለከተች የምትመዝን ብልህ ሴት ነበረች።

የብዙ ዓመት ሙከራው ዋና ውጤት ወተት መሳይ፣ ቀላልና ለስላሳ፣ ትኩስ ውሃ ሲፈስበት የማይሰነጠቅ ሸክላ ነበር። በ1765 የእንግሊዝ ንግሥት ሻርሎት ከዚህ ዓይነት ሸክላ የተሠራ ሙሉ የሻይ ዕቃ አዘዘች። ትእዛዙ ወርቅ ቅብ ያለበት በመሆኑ እጅግ አስቸጋሪ ነበር። ጆሳያ ግን በጥንቃቄ ፈጸመው። በሚከተለው ዓመት የንግሥቲቱ ሸክላ ሠሪ ተብሎ ለመጠራት ፈቃድ አገኘ፤ ሸክላውንም የንግሥት ሸክላ ብሎ ሰየመው። ንግሥቲቱ የምትጠጣበትን ዓይነት ሲኒ መኳንንቱ ፈለጉ፤ ከመኳንንቱም ወደ ነጋዴውና ወደ ባለ ሙያው ተላለፈ። ጆሳያ አዲስ ዕቃ ሲያወጣ በመጀመሪያ ከፍ ባለ ዋጋ ይሸጣል፤ ዕቃው ስም ካተረፈ በኋላ ግን ዋጋውን ቀንሶ ለብዙ ሕዝብ ያቀርብ ነበር።

ዕቃው ቢያምርም በመንገድ የሚሰበር ከሆነ ጥቅም የለውም። ስለዚህ ጆሳያ መንገድ እንዲሠራና ትሬንትና መርሲ የተባሉትን ወንዞች የሚያገናኝ የጀልባ ቦይ እንዲቈፈር ከሌሎች ጋር በብርቱ ደከመ። የቦዩ ሥራ በ1766 ሲጀመር የመጀመሪያውን አፈር የቈፈረው እሱ ነበር። የማኅበሩም ገንዘብ ያዥ ሆኖ ያለ ደመወዝ አገለገለ። 150 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት የነበረው ይህ ቦይ በ1777 ተፈጸመ። ከዚያ በኋላ ጥሬ ዕቃውም ሆነ ሸክላው በጀልባ ስለሚጓጓዝ ኪራዩ ቀነሰ፤ ስብራቱም አነሰ። ጥቅሙ ለዌጅውድ ብቻ ሳይሆን ለአካባቢው ሸክላ ሠሪ ሁሉ ሆነ።

ሥራው እንዲህ እየሰፋ ሳለ የጕልበቱ ሕመም ጠናበት። በግንቦት ወር 1768 ቀኝ እግሩ ከጕልበቱ በላይ ተቈረጠ። የዘመኑ ሕክምና ሕመም የማያሰማ ማደንዘዣ አልነበረውምና መከራው ከባድ ነበር። በዚያው ዕለት ጸሐፊው ለለንደን መደብር በላከው የዕቃ ሒሳብ ወረቀት ግርጌ፣ የጌታው እግር መቈረጡን ጽፎ አስታወቀ። ሕመሙ የቤቱን ሰው ሁሉ ቢያስጨንቅም፣ ሥራው በሥርዓት የተደራጀ ስለ ነበረ ያን ቀንም አልቆመም። ጆሳያም ከሳምንታት በኋላ ተነሥቶ ወደ ሥራው ተመለሰ፤ የቀረውንም ዘመኑን በእንጨት እግር ኖረ።

በሚከተለው ዓመት በሰኔ ወር 1769 ኢትሩሪያ ብሎ የሰየመውን አዲስ ፋብሪካ ከቦዩ ዳር ከፈተ። በዚህ ስፍራ ሥራው በክፍል በክፍል ተከፋፈለ። አንዱ አፈር ያዘጋጃል፤ አንዱ ቅርጽ ያወጣል፤ አንዱ ይቀባል፤ አንዱ ይሥላል። የሥራ ሰዓት በደወል ይታወቅ ነበር። ለሠራተኞቹ ቤት አሠራ፤ ሲታመሙም የሚረዱበትን የመዋጮ ማኅበር ደገፈ። በሌላ በኩል ደግሞ እጅግ ጥብቅ ጌታ ነበር። የፋብሪካውን ደንብ የጣሰ ይቀጣ ነበር። እንደ ዘመኑም ልማድ ሕፃናት በፋብሪካው ይሠሩ ነበር። ይህም በዛሬ ሚዛን ሲታይ የሚነቀፍ ነው።

ፋብሪካው ከተከፈተ በኋላ ግን ከሁሉ የባሰ ፈተና መጣ። ጆሳያ ገበያውን ለማስፋት ብሎ በ1771 በጀርመን አገሮች ለሚገኙ አንድ ሺሕ ያህል መኳንንት እያንዳንዱ 20 ፓውንድ የሚያወጣ ዕቃ ሳያዙ ላከላቸው። የወደደ እንዲከፍል፣ ያልወደደ ያለ ወጪ እንዲመልስ ነበር ሐሳቡ። ከተላኩት ብዙዎቹ በመጨረሻ ቢከፍሉም፣ 20,000 ፓውንድ የሚያህል ንብረት በሰው እጅ ላይ ተበትኖ ቆየ። ይህ ሳይሰበሰብ በ1772 በብሪታንያ ታላቅ የገንዘብ ችግር ተነሣ። ባንኮች ተዘጉ፤ ነጋዴዎች ከሠሩ፤ ገዢ ጠፋ። በኢትሩሪያና በለንደን መጋዘኖች ያልተሸጠ ዕቃ ተከመረ። ትእዛዙ ብዙ፣ ስሙም የገነነ ሆኖ ሳለ በእጁ ያለው ጥሬ ገንዘብ ተመናመነ።

በዚህን ጊዜ ጆሳያ አፈርን የመረመረበትን ልማድ ወደ ሒሳብ መዝገቡ አዞረ። እያንዳንዱ ዕቃ ስንት እንደሚያስወጣ ለማወቅ ከአፈሩ ጀምሮ እስከ መሸጫው ድረስ ያለውን ወጪ በዝርዝር ጻፈ። ውጤቱ እሱን ራሱን አስደነቀው። የአንዳንዱ ዕቃ ዋጋ የተወሰነው በግምት እንጂ በሒሳብ አልነበረም። መዝገቡን ጠልቆ ሲመረምርም በለንደን መደብር የሚሠራ ጸሐፊ ገንዘብ ሲያጐድል እንደ ኖረ ደረሰበት። ጸሐፊውን አሰናበተ፤ ከዚያም በኋላ የገንዘቡ ሒሳብ በየሳምንቱ እንዲቀርብለት አዘዘ።

ከምርመራው ያገኘው ዋና ትምህርት ግን ሌላ ነበር። ወጪ ሁለት ዓይነት መሆኑን ተገነዘበ። አንዱ ዓይነት፣ እንደ አፈርና እንደ ቅብ፣ ዕቃው ሲበዛ የሚበዛ፣ ሲያንስም የሚያንስ ነው። ሁለተኛው ዓይነት፣ እንደ ቤት ኪራይ፣ እንደ ቅርጽ ማውጫና እንደ ጸሐፊዎች ደመወዝ ያለው፣ ጥቂት ቢሠራም ብዙ ቢሠራም ሳይቀንስ ይቀጥላል። ለምሳሌ ያህል ግማሹ ባዶ የሆነ ምድጃ የሚፈጀው ከሰል ከሞላው ምድጃ ብዙም አያንስም። ስለዚህ በየጊዜው አዳዲስ መልክ እያወጡ ከእያንዳንዱ ጥቂት ጥቂት መሥራት የሚያከስር፣ የተመረጡትን መልኮች ደግሞ በብዛት መሥራት ግን የሚያተርፍ መሆኑን አወቀ። በዚህ መሠረት የዕቃውን ዓይነት መረጠ፤ የአንዳንዱንም ዋጋ ዝቅ አድርጎ ለብዙ ገዢ አቀረበ። ብዙዎች በከሠሩበት በዚያ ዘመን እሱ ከችግሩ ተርፎ ወጣ።

ገዢንም የሚያከብርበት ሥርዓት ነበረው። በለንደን ባቋቋመው የዕቃ ማሳያ አዳራሽ ሸክላዎቹ በገበታ ላይ በሥርዓት ተደርድረው ይታዩ ነበር። በመንገድ ለተሰበረ ዕቃ ምትክ ይሰጣል፤ ገዢ ያልወደደውንም መመለስ ይችል ነበር። የዕቃዎቹ ዝርዝር በመጽሐፍ ታትሞ በልዩ ልዩ ቋንቋ ይተረጐም ነበር። በ1774 ለሩሲያዋ ንግሥት ለዳግማዊት ካትሪን 952 ቍራጭ ያለውን ታላቅ የገበታ ዕቃ ሲፈጽም ቀጥተኛ ትርፉ አነስተኛ ነበር። ነገር ግን ከመላኩ በፊት በለንደን ለሕዝብ አሳየው። ሊያየው የመጣው ታላቅ ሕዝብ የዌጅውድን ስም ይዞ ተመለሰ።

በ1782 ጆሳያ የምድጃን ከፍተኛ ሙቀት የሚለካ መሣሪያ ለሊቃውንት አቀረበ። ለዚህም በ1783 የእንግሊዝ የሊቃውንት ማኅበር አባል ለመሆን በቃ። በ9 ዓመቱ ከትምህርት ቤት የወጣው ሰው ከሊቃውንት ጋር ተቀመጠ። ሀብቱንና ሙያውንም ለራሱ ጥቅም ብቻ አላዋለም። በ1787 የባሪያ ንግድን በመቃወም፣ በሰንሰለት ታስሮ የተንበረከከ አፍሪካዊ ምስል ያለበት ትንሽ የሸክላ ሜዳልያ አሠርቶ ያለ ዋጋ አሰራጨ። ብዙ ሰው ምስሉን እንደ ጌጥ እየለበሰ የንግዱን ክፋት ለዓለም አሳወቀበት። ለዚህ ሰው ሸክላ የእንጀራ ምንጭ ብቻ ሳይሆን የእውነት መልእክተኛም ሆኖለት ነበር።

ጆሳያ ዌጅውድ በጥር ወር 1795 በኢትሩሪያ በሚገኘው ቤቱ ዐረፈ። ያቋቋመውን ሥራ ልጆቹ ወረሱት። የታወቀው የሥነ ፍጥረት ተመራማሪ ቻርልስ ዳርዊንም የልጁ የሱዛና ልጅ ነው። በየሙከራው ቍጥር የተጻፈባቸው ትናንሽ የሸክላ ቍራጮች በሺሕ እየተቈጠሩ በእንግሊዝ አገር በቤተ መዘክር ይገኛሉ። ከእነዚህ ውስጥ አብዛኞቹ ያልተሳኩ ሙከራዎች ናቸው። ሆኖም እነዚያ ያልተሳኩት ባይኖሩ ኖሮ የተሳኩት አይገኙም ነበር።

እንግዲህ የዚህ ሰው ታሪክ የሚያስረዳው፣ ትንሽ ሥራ የሚያድገው በዕድል ወይም በብዙ መነሻ ገንዘብ ብቻ አለመሆኑን ነው። የዌጅውድ ጎረቤቶች ያንኑ አፈር፣ ያንኑ ከሰልና ያንኑ ገበያ ይዘው ነበር። እሱን ከእነርሱ የለየው ያደረገውን መጻፉ፣ ያወጣውን መቍጠሩ፣ የጐደለውን ከሚያውቅ ሰው ጋር መሻረኩ፣ እንዲሁም ነውር ያለበትን ዕቃ በስሙ አለመሸጡ ነው። እነዚህ ልማዶች ጤነኛ እግርም ሆነ ትልቅ ውርስ አይጠይቁም። የሚጠይቁት በየዕለቱ የማይሰለች ትጋትን ነው።